የሞሷ ሰባተኛ ቦታ

ይህ የሆነው በእኔው ላይ ነው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ። ጨለማ የለ፣ ጅብ የለ። ማመን ያቃተው ይተወው።

ሥራዬ የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል ፖስታ ላይ መጻፍ ነው። ምን ተክል፣ ከየት ተለቀመ... በቃ።

አለቃዬ የዕፅዋት ዶክተር ነው። ዕድሜውን የፈጀው በአንዲት ሞስ ነው፤ ያ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ አረንጓዴ ነገር። ሌላው ሰው ልጅ ያሳድጋል።

ሞሷ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። ስትደርቅ ትጨማደዳለች። ጠብታ ውሃ ሲነካት ቅጠሏ ይዘረጋል... ልክ ዐይን እንደሚገለጥ። የምትኖረው በሞቃት አገር፣ ፏፏቴ ሥር፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ብቻ ነው።

እሱ ያገኛት አንድ ገደል ውስጥ፣ አንድ ድንጋይ ላይ።

በአንድ ድንጋይ ማን ፕሮፌሰር ያደርገዋል?

ስለዚህ አንዷን እፍኝ፣ ከሰባት ቦታ የተለቀመች አስመስሎ፣ ለሰባት ፖስታ አከፋፈላት።

«ጻፍ» አለኝ በሹክሹክታ። ስድስት ቦታ ጠራልኝ። አንዱንም ረግጦት አያውቅም።

«ሰባተኛውስ፣ ዶክተር?»

«የትም አድርገው። ማን ሄዶ ያያል?»

እኔም ንቄው የገዛ ቤቴን ደፍ ጻፍኩ።

ሳያነብ ፈረመ።

ከወር በኋላ ሹመቱን የሚያዩት ሰዎች «ሞሷ ያለችበትን የየቦታውን ፎቶ አምጣ» አሉት። እየተነጫነጨ ሄደ። ያን ማክሰኞ ጫማው ጭቃ እንደሆነ ተመለሰ።

«አለች» አለኝ።

«የት?»

«ስድስቱም ጋ። የጻፍክበት ቦታ... እዚያው።»

የፈራ መስሎኝ ነበር። ደረቱን ነፋ።

«ድሮም ታውቆኝ ነበር እኮ።»

ከዚህ ሰው ጋር ምን ይወራል?

እኔ ግን ሰባተኛው ትዝ አለኝ። እቤት እናቴ ብቻዋን ናት። ሮጥኩ።

ደፉ ላይ ነበረች። አረንጓዴ። እርጥብ። በዚህ በጋ...

በጥፍሬ ፋቅኋት። የቤታችን ደፍ ሲሚንቶ ነው።

ከሥሯ ያለው ግን ጥቁር ድንጋይ ነው።

«እማዬ... ነይ ውጪ።»

«ምን እዚያ ይገትርሃል? ላብ አጥምቆሃል። ቆይ ውሃ ላምጣልህ።»

ዞራ ወደ ውስጥ ሄደች።

«ተዪው፣ እማዬ።»

«መጣሁ አልኩህ እኮ።»

ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ከበሩ እስከ ግድግዳው አራት እርምጃ።

እርምጃዋን ቆጠርኩ... ዘጠኝ... አሥራ አራት...

ጀርባዋ ይታየኛል፤ ከፊቷ የፏፏቴ ድምፅ ይሰማል። አሁንም እየሄደች ነው።