ወደ በሩ የዞሩ ጫማዎች

«አቁሙት! እዚህ ጋ አቁሙት!» አሉ የፊልም ክበቡ መምህር።

ምስሉ በክፍሉ ነጭ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። የጃፓን አስፈሪ ፊልም ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ የሞተች አንዲት ልጅ በየምሽቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማንንም አትነካም፤ ቃልም አይወጣትም። ደጃፉ ላይ ተንበርክካ እናቷና ታናሽ ወንድሟ ሲገቡ ያወለቁትን ጫማ አፍንጫው ወደ ውጭ እንዲያይ አዙራ ትሰወራለች። እናትየዋ በፍርሃት ብትርድም ቤቱን ለቅቃ አትሄድም።

«ጥያቄውን ቀድሜ ሰጥቻችኋለሁ» አሉ መምህሩ። «ጫማውን ለምን ታዞረዋለች? እናትስ ለምን አትሄድም? ለትምህርት ቤቶች የፊልም ውድድር የምልከው ይህን በአንድ ድምፅ የሚያስረዳኝን ጥንድ ነው።»

አፏ ስለማያርፍ «ራዲዮ» የሚሏት ልጅ ቀድማ ተነሣች። «ቂም ነው ቲቸር! እሷ ሞታ እነሱ ስለተረፉ ‹ከቤቴ ውጡልኝ› እያለቻቸው ነው። እናትየዋ ደግሞ ግትር ናት፣ አለቀ።» ይህን ብላ አጠገቧ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን፣ ዝምተኛዋን፣ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ዝምተኛዋ ተጨነቀች። ራዲዮ መልሱን ከኢንተርኔት ባመጣችበት በትናንትናው ዕለት «እሺ፣ እንደዚያው እንላለን» ብላ ቃል ገብታላታለች። ዛሬ አልስማማም ብትል ሁለቱም ከውድድሩ ሊወጡ ነው። ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ካሉት ትናንሽ ጫማዎች ሊነቀል አልቻለም።

«አንቺስ?» አሉ መምህሩ።

«እኔ… አይመስለኝም ቲቸር። ልታባርራቸው ብትፈልግ ጫማውን አውጥታ ትወረውረው ነበር። እሷ ግን ጎን ለጎን ታስተካክለዋለች፤ የወንድሟን የጫማ ክር እንኳ ታላላለታለች። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ቤቱ ሲናወጥ እጇ ደጃፉን ሲዳብስ ይታያል። ጫማዋን ስትፈልግ ነው የቀረችው። እነሱ እንዳይዘገዩ እያዘጋጀችላቸው ነው።»

«እናትየዋስ?»

«ልጇ የምትመጣው እዚያ ቤት ብቻ ነዋ። ከሄደች ልጅቷ ባዶ ቤት ልታገኝ ነው።»

«መንፈሷ ሊስትሮ ሆነች በሉኛ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ ፈነዳ።

መምህሩ አልሳቁም። «ይህን ከየት አገኘሽው?»

ዝምተኛዋ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«እንግዲያው ሰኞ ተስማምታችሁ ኑ፤ መልሳችሁን ከየት እንዳገኛችሁትም ልትነግሩኝ ተዘጋጅታችሁ።»

መንገድ ላይ ራዲዮ ጋለች። «ከዳሽኝ እኮ! ቃል አልገባሽልኝም?»

«ገብቼልሻለሁ። ጫማውን ስታስተካክል ሳይ ግን አፌ እምቢ አለኝ።»

እየተነታረኩ ዝምተኛዋ ቤት ደረሱና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የአምቡላንስ ሹፌር የሆነው አባቷ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል፤ ከተደወለለት ወዲያው ይወጣል። ቦት ጫማው አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ወድቋል። ዝምተኛዋ ተንበርክካ ሰበሰበችው፤ ክሩን አላላች፤ ጎን ለጎን አድርጋ አፍንጫውን ወደ በሩ አዞረችው።

ራዲዮ ወደ ቦት ጫማው ጎንበስ አለች። «ሁልጊዜ… እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

«ሲደወልለት እንዳይደናበር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ሌሎቹ ሹፌሮች ጫማ ሲፈልጉ እኔ መሪ ጨብጫለሁ» አለ አባቷ ዓይኑን ሳይገልጥ። «የማን ልጅ መሰለችሽ!»

ዝምተኛዋ ጉንጯ ጋለ፤ ደስ የሚል ሙቀት ነበር።

«ታዲያ ቲቸር ሲጠይቁሽ ምን አፍሽን ለጎመው?» አለች ራዲዮ ቀስ ብላ።

«የቤታችን ነገር ነዋ። ከመጽሐፍ ያነበብኩት አይደለም።»

«የኔውስ ከየት የመጣ መሰለሽ? ከማላውቀው ሰው ነው የቀዳሁት።»

ስልኩ ጮኸ። አባቷ ብድግ አለ፤ ሁለቱ እግሮቹ ቦት ጫማው ውስጥ ጥልቅ ጥልቅ አሉ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ደጅ የቆመው አምቡላንስ ተነሥቶ ድምፁ እየራቀ ሄደ። ዝምተኛዋ ድምፁ እስኪጠፋ አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠች፤ ከዚያ ዝቅ ብላ ሌላ ጥንድ ጫማ አስተካከለች።

ራዲዮ ልትሄድ ስትል ጫማዋ ወደ በሩ ዞሮ ጠበቃት።

«እኔንም እያባረርሽኝ ነው?»

«ሰኞ እንዳትዘገዪ ነው» አለች ዝምተኛዋ። «መጀመሪያ የምናገረው ግን እኔ ነኝ፤ ስለ አባዬ ጫማ።»