ጭሱ ቀንሶ ነበር

«ውሸት ነው» አለች ዳኛዋ፣ ክፍሉ ገና እያጨበጨበ ሳለ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ለትምህርት ቤቱ የፈጠራ ውድድር ሥራውን አቅርቦ ሰሌዳው ፊት የቆመው ብሎን ዞሮ አያት። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው። ስም ያወጣላቸው ክፍሉ ነው፤ የእሱ ኪስ ብሎን አያጣም፣ እሷን ደግሞ የተጣላ ሁሉ «ፍረጂን» ይላታል።

ብሎን የሠራው በእናቱ ወፍጮ የናፍጣ ሞተር ላይ የሚገጠም መሣሪያ ነው። ውኃን በጠፍጣፋ ብረቶች መካከል በባትሪ ኃይል ይከፍልና የሚወጣውን ሃይድሮጅን በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ይልካል፤ ሞተሩም ከናፍጣው ጋር ያቃጥለዋል። የፊዚክስ መምህሩ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የተሠራውን መከላከያ አይተውለታል። እስከዚህ ሁሉም እውነት ነው። «ናፍጣውን በሩብ ቀነስኩ» ማለቱ ግን ውሸት ነበር። ሲለካ ዳኛዋ አጠገቡ ነበረች። ያለ ሃይድሮጅኑ የለካው እህል እየተፈጨ ሳለ፣ ከሃይድሮጅኑ ጋር የለካው ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ነው።

ይህንኑ አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ባትሪውን የሚሞላው ያው ናፍጣ የሚበላው ሞተር መሆኑንም አከለችበት። ከኋላ አንዱ «ፎገረን በሉኛ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ብሎን ወረቀቱን አጣጥፎ ወጣ። ዳኛዋ ያን ዕለት ልቧ ሞልቶ ወደ ቤቷ ገባች፤ የተናገረችው እውነት ነዋ።

ከዚያ በኋላ ብሎን ወንበር ቀየረ። ልጆቹም በየእረፍቱ ሙድ ይይዙበት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ እናቷ እህል አስይዛ ወፍጮ ቤት ላከቻት። ቤቱ በጭስ ታፍኗል። የብሎን እናት አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ያስላሉ። ያ መሣሪያ የት እንደገባ ስትጠይቃቸው፣ ያን ዕለት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ነቃቅሎ እንደጣለው ነገሯት።

«ናፍጣው እንኳ ያው ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ጭሱ ግን ቀንሶልኝ ነበር። የጀመረውም ለዚህ ለሳሌ ብሎ ነው።»

የዳኛዋ ፊት ጋለ። ብሎን መጀመሪያ ያጫወታት ስለ ጭሱ ብቻ ነበር። «ለጭስ ማን ጆሮ ይሰጣል? ናፍጣ ይቆጥባል ብትል ነው የሚሰሙህ» ያለችው እሷ ናት። ክፍሉ ፊት ስትፈርድበት ይህን አላነሳችም። ያኔ ትዝም አላላት።

ብሎን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቁጭ ብሎ የተበጠሰ ቀበቶ እየቀጠለ ነበር። ቀና ብሎ አላያትም።

«ብረቶቹስ?» አለችው።

«ለብረት ገዢ ሰጠኋቸው።»

ይቅርታ ልትል አሰበች። ግን፣ «ለብቻህ ልነግርህ እችል ነበር» አለች።

«ትችዪ ነበር።»

ከውስጥ የእናቱ ሳል ይሰማል። ዳኛዋ ወደ በሩ ዞር አለች።

«እንደገና እንሥራው» አለች።

«ውድድሩ አልፏል።»

«ለውድድር አይደለም።»

ብሎን ወደ ቀበቶው አቀረቀረ። ዳኛዋ የእጅጌዋን ቁልፍ ፈታ ሰበሰበችውና፣ ግድግዳው ሥር ወደተከመረው ብረታ ብረት ጎንበስ ብላ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን ትለይ ጀመር።