ጉንጯን የነፋችው ደመና

በላይ ከተማ ዜና የሚታየው ደመና ላይ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ዕለት ማዘጋጃ ቤቱ ከጎረቤት ከተማ ደመና ይዋሳል፤ ሲመልስ ጠርዙን ተርትሮ ነው እያሉ ጎረቤቶቹ ያሙታል። ከተማይቱ የቆመችባቸው ምሰሶዎች ከመርዘማቸው የተነሣ ከሰገነት ያመለጠ እንቁላል መንገድ ላይ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ መሬት ሲደርስ ኩኩሉ ይላል።

ከምሰሶዎቹ ግርጌ የሺራቦ ሐይቅ ተኝቷል። ሺራቦዎች ከከተማይቱ በፊት ጀምሮ በተንሳፋፊ የሸምበቆ ደሴቶች ላይ የሚኖሩ ጥቂት ሕዝብ ናቸው። ጦሩ ሐይቁን አድርቆ የአየር መርከብ ማረፊያ ሊያደርገው ፈለገ። ሺራቦዎች እማማ ኦሬታን አስቀድመው፣ «ውሃችንን አንሰጥም» እያሉ በታንኳ ተሰለፉ። የላይ ከተማ ሰው ለእነሱ ማዘን ጀመረ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይድረቅ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ሕዝቡ እጅ ሊያወጣ ነው።

ስለዚህ ኮሎኔል ደምመላሽ ከማለዳ ጀምሮ ከጥላዬ ራስ ላይ አልወርድ አለ። ጥላዬ የመልክ ቀጂ ሠራተኛ ነው። መልክ ቀጂ ማለት የሰውን ፊት፣ ድምፅና ጠባይ አጥንቶ ያላለውን የሚያናግር መሣሪያ ነው። ባለፈው ሳምንት እማማ ኦሬታን አስመስለው ደመና ላይ «ምሰሶዎቹን ቁረጡ!» አሰኝተው ነበር። ከተማው ደነገጠ። ሺራቦዎች ግን ከታንኳቸው እስኪወድቁ ሳቁ። በእነሱ ወግ የተቆጣ ሰው ከሐይቁ አንድ ጉንጭ ውሃ ይይዛል፤ አፉ ውስጥ እስኪሞቅ ዝም ይላል፤ ውሃውን ለሐይቁ ከመለሰ በኋላ ነው የሚናገረው። የደመናዋ ሴትዮ ደግሞ ጉንጯ ደረቅ! ሳቁ ምሰሶውን ወጥቶ ላይ ደረሰና ከተማውም መጠራጠር ጀመረ።

«ዛሬ በገዛ ወጋቸው ነው የምንገባላቸው» አለ ኮሎኔሉ። «ውሃውን አስይዛት።»

ጥላዬ ያለውን የሺራቦ ሸንጎ ምስል ሁሉ ለመሣሪያው አጎረሰው። ሲያስነሣው ትንሽዬ ኦሬታ ጠረጴዛው ላይ ቆመች። ጎንበስ ብላ ከሌለ ሐይቅ ውሃ ጨለፈች፤ ጉንጯን ነፋች፤ ዝም አለች። ቆየች፣ ቆየች፤ ከዚያ ውሃውን በቀስታ መልሳ፣ «ተቆጥቼ ነበር፣ በረደልኝ። ልጆቻችን ዋና የሚማሩበትን አታድርቁብን» አለች።

«‹ቁረጡ› የሚለው የት ሄደ?»

«አስገብቼው ነበር ጌታዬ። ውሃው ውስጥ ሟሟ።»

«ሟሟ? ስኳር ነው እንዴ!»

«ጠባይ ነዋ የሚቀዳው። ቁጣዋን ብቻ ነጥዬ ልቅዳ ብል እንቢ አለኝ።»

«እንግዲያው ሳይሞቅ አስተፋት! ትችላለህ አትችልም?»

ይችላል። አንዲት ቁልፍ ናት። እሷን ከተጫነ ሴትዮዋ ትጮኻለች፤ ሕዝቡ በድንጋጤ እጁን ያወጣል፤ ሳይመሽ ደሴቶቹ ላይ ወታደር ይወርዳል። «እሺ ጌታዬ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሷል። ሚስቱ እንደምትለው በእንቅልፉም ይለዋል። ከማለቱ በፊት ግን እጁን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ውሃ ሰደደ። ብርጭቆውን አነሣና አንድ ጉንጭ ውሃ ያዘ።

አልዋጠውም።

«አንተን እኮ ነው! ትጫናለህ አትጫንም?»

ጥላዬ ጉንጩን ነፍቶ አየው። «እሺ» የምትለው ቃል ውሃው ውስጥ ቀስ እያለች ስትሟሟ ተሰማው፤ ፍርሃቱም ተከተላት። ኮሎኔሉ ራሱ እንዳይጫን ቁልፏን አያውቃትም። ተናዶ ያገኘውን ሁሉ ሲደበድብ አንዱ ቁልፍ ምስሉን ወደ ሰማይ ለቀቀው።

ኦሬታ ከአድማስ እስከ አድማስ ጉንጯን ነፍታ ቆመች። የአየር ታክሲዎች ባሉበት ተንሳፈፉ። ገበያው ጸጥ አለ። ሕፃናት እሷን አይተው ጉንጫቸውን ነፉ፤ እናቶቻቸው ተከተሉ፤ ለስድብ አፉን የከፈተ ሾፌር ከነአየሩ ዘጋው። ከተማይቱ ዝም ብላ አታውቅም ነበርና ሰዉ ከግርጌዋ ውሃው ምሰሶዎቹን ሲልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ከዚያ ደመናዋ ጎንበስ አለች፤ ውሃዋን ለሐይቁ መለሰች። የዘነበው ዝናብ ሞቅ ያለ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፀጉሩ ያልደረቀ ሕዝብ እጁን አወጣ። ሐይቁ ይቆይ ተባለ።

ከሥራው የተባረረው ጥላዬ አንድ ቀን ወደ ሐይቁ ወረደ። እማማ ኦሬታ ታንኳቸው ላይ መረብ ይጠግናሉ።

«ያቺን ደመና የሠራሃት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይቅር ይበሉኝ፣ ውሸት ናት።»

«ያን ቀን በውሸታችሁ በግኜ እዚሁ ቆሜ ነበር። ልጆቹ መጋዝ ይዘው አፍ አፌን ያያሉ። ውሃ መያዙንም ረስቼው ‹ቁረጡ› ልል አፌን ከፈትኩ። ቀና ስል ራሴን አየሁት፣ ጉንጬ ተነፍቶ!» ሳቁ። «ውሸቷ እኔ ባትኖር እውነተኛዋ ጉድ ትሠራችሁ ነበር።»

ጥላዬም ሊስቅ ሲል የእማማ ሳቅ ቆመ። በቅል ውሃ ጨልፈው ሰጡት።

«በል ያዝ። እኔም ልያዝ። ላንተ የምነግርህ አለኝ፣ ገና አልበረደልኝም።»

ሁለቱም ጉንጫቸውን ነፍተው ተቀመጡ። ከላያቸው የጎረቤት ደመና፣ ጠርዙ እንደተተረተረ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።