የውኃ አዳዩ ሬሳ

ሮጋቱስ የከተማውን ውኃ የሚያከፋፍል ሰው ነበር። ሬሳው የተገኘው ረፋዱ ላይ፣ በከተማው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ንጹሕ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ዝናብ ከጠፋ አምስተኛ ወሩ ነበር።

ሽማግሌው መርማሪ ኢዲባል ተንበርክኮ የሟቹን ጢም በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና አሸተተው።

«ደረጃው አንሸራቶት ነው» አለ የመታጠቢያ ቤቱ አዛዥ ቪንዴክስ። «ማለዳ ማለዳ ወርዶ ውኃውን ይለካል። የክዳኑ ቁልፍም ይኸው ወገቡ ላይ ነው።»

«የቀዝቃዛውን ገንዳ ውኃ ከቀየራችሁ ስንት ቀን ሆነ?»

«ስምንት። ምን እናድርግ ጌታዬ? ለበዓሉ ብለን የታችኛውን ሰፈር ቦኖ ዘግተን እንኳ አልበቃንም።»

ኢዲባል የታጣቢዎችን ልብስ የምትጠብቀውን ዶናታን ለብቻዋ አናገራት።

«ዛሬ ጠዋት ያስገረመሽ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም… ብቻ እማማ አሪሻ ናቸው ያሳዘኑኝ። ከታችኛው ሰፈር ድረስ ዳገቱን ወጥተው፣ እዚህ በር ላይ ካለው ቦኖ የቀዱትን እንስራ ልጃቸው ነጥቆ ደፋባቸው። በዚህ ዘመን! ‹አበድክ እንዴ?› ቢሉት መልስ የለ።»

«ልጃቸው ማን ነው?»

«ባሪክ። እሳት አንዳጃችን።»

«ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው?»

«አይ፣ ቀደም ብሎ። ገና በሩ እንኳ አልተከፈተም።»

ኢዲባል ቪንዴክስን፣ ዶናታንና ባሪክን ቀዝቃዛው ገንዳ ዳር ሰበሰባቸው። በውኃው ላይ የገላ ዘይትና እድፍ ሰፍፎበታል።

«የማጠራቀሚያው ውኃ ኩልል ያለ ነው» አለ። «የሮጋቱስ ጢም ግን ይኸን እድፍ ጠጥቷል። የሞተው እዚህ ነው። ከዚያ አንድ ጉልበተኛ ተሸክሞት ሄደ፤ ደረጃው አንሸራቶት የወደቀ እንዲመስል በሟቹ ቁልፍ ክዳኑን ከፍቶ ወረወረውና ቁልፉን ወገቡ ላይ መለሰ። በር ላይ ያለው ቦኖ ከዚያው ማጠራቀሚያ ነው የሚወርደው። ሬሳው ሳይገኝ ውኃው መበከሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ባሪክ፣ የእናትህን እንስራ ለምን ደፋህ?»

ባሪክ በጥላሸት የጠቆሩ እጆቹን ተመለከተ።

«እንዴት አድርጌ ላጠጣት?» አለ።

ዶናታ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እሷ ጠጥታ ነበር።

«እናቴ ትናንት የውኃው ሰልፍ ላይ ወደቀችብኝ» አለ ባሪክ። «ዛሬ ማለዳ ሮጋቱስን ለምኜው ነበር። ‹ቦኖውን ለአንድ ሰዓት ብቻ ክፈትላቸው› አልኩት። ‹ለአሮጊት ብዬ ከሹማምንት ልጣላ?› ብሎ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ራሱን እብነ በረዱ መታው፤ ገንዳው ውስጥ በአፍጢሙ ተደፋ። እጄን ብዘረጋ ይወጣ ነበር። ቆሜ አየሁት።»

ኢዲባል ወደ ቪንዴክስ ዞረ።

«ቦኖውን ያስዘጋው ማን ነው?» አለ ኢዲባል።

ቪንዴክስ መሬት መሬቱን አየ።

«እኔም ትናንት እዚህ ታጥቤያለሁ» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «ቦኖው መዘጋቱን እያወቅሁ።»

ከተራራው የሚመጣው የቦይ ውኃ ወደ ታችኛው ሰፈር እንዲለቀቅ አዘዘ።

ባሪክን አስረው ቁልቁል ሲወስዱት የሴቶች እልልታ ተሰማ፤ ውኃው መጥቷል። ባሪክ ቆመ።

«ትናንት ቢሆን ኖሮ፣ አባቴ» አለ።

ኢዲባል ክንዱን ይዞት አብሮት ወረደ።