ስልሳ አንደኛው ትንፋሽ

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። እኔም ራሴ ላይ ባይደርስ አላምንም ነበር።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ጠራራ ፀሐይ።

እማዬን ቤት ሳስታምም ሦስት ቀን ዓይኔን አልከደንኩም። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ግን ሥራ ነው...

የሕሙማንን የእንቅልፍ ትንፋሽ ነው የምተነትነው። የስልሳ ሰው የድምፅ ቅጂ ሌላ ከተማ ወዳሉት ትልልቅ ኮምፒውተሮች ልኬ፣ እዚያ ሲሠራ ሰንብቶ ያን ቀን አለቀ። የቀረኝ ውጤቱን ማውረድ ብቻ ነበር። ሥራውን የሰጠችኝ ሐኪም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትጠብቀኛለች።

ፋይሎቹን ቆጠርኳቸው...

ስልሳ አንድ።

ድካም ነው ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ። ስልሳ አንድ።

የመጨረሻው ስም የለውም። መጠኑ ደግሞ ዓይኔ እያየ ይጨምራል።

የኮምፒውተሮቹ ተቆጣጣሪ ጋ ደወልኩ። ቀልደኛ ነው፤ «ዘበኛው» እንለዋለን።

«ሥራዬ አላለቀም እንዴ?»

«ጠዋት አልቋል። ምነው ድምፅሽ? አንቺ ልጅ እንቅልፍ አልፈጠረብሽም?»

«ታዲያ አሁን የሚጻፈው ምንድን ነው?»

ኪቦርዱ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«እኔ ጋ የሚሠራ ነገር የለም...» አለ ቀስ ብሎ። «ፋይሉ ግን እያደገ ነው።»

እስከዚያ የተጻፈውን አውርጄ ከፈትኩት። እንደሌሎቹ ነው፤ ድምፅ፣ የትንፋሽ መስመር፣ ከላይ የሚተነፍሱት ሰዎች ብዛት። ሌሎቹ ሁሉ ላይ «አንድ» ይላል።

እዚህኛው ላይ... «ሁለት»።

ድምፁን ከፈትኩት። ትንፋሽ። ከዚያ የራሴ ድምፅ።

«ሥራዬ አላለቀም እንዴ?»

የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ።

«ቆመ?»

«አልቆመም» አለኝ በሹክሹክታ።

ሁለተኛዋ እማዬ ትሆናለች ብዬ ወደ ክፍሏ ሮጥኩ። አልጋው ባዶ ነው። ውጪ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች።

ተመልሼ ስልኩን አነሳሁ። «መስመሮቹን እያቸው። ትንፋሼን ልይዝ ነው።»

ያዝኩ... አንድ... ሁለት... ሦስት...

«አንዱ ቆመ» አለ።

«ሌላውስ?»

«ሌላው... ፈጠነ።»

ጸጉሬ ቆመ።

«ውጪ! አሁኑኑ ከዚያ ቤት ውጪ!»

ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ትቼ፣ እማዬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እህቴ ቤት ይዣት ሄድኩ። ስልሳውን ፋይል በእህቴ ኮምፒውተር አውርጄ ለሐኪሟ ላክሁ። ዘበኛው ስልሳ አንደኛውን አጠፋው። ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም።

በነጋታው የእማዬን መድኃኒት ለማምጣት ከእህቴ ባል ጋር ተመለስን። እኩለ ቀን ነው። በሩን ከፍቶ ቀድሞኝ ሊገባ ሲል እግሩ ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

በትከሻው አሻግሬ አየሁ።

ኮምፒውተሩ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ጥቁሩ ስክሪን መሃሉ ላይ ጉም ለበሰ...

ቀስ ብሎ ጠራ...

ደግሞ ጉም ለበሰ።