በመታወቂያ ያለፈችው ተዋበች

«አትንኪው አልኩሽ እኮ» ብላ ሀረገወይን የሻወር ነጠላ ጫማውን ከሃይሚ እጅ ወሰደችው። ዛሬ ጠዋት ተዋበች ጅዴይዴ ሰፈር ካለው ሕንፃቸው ጀርባ ሞታ ተገኝታለች፤ ከጣሪያ ነው የወደቀችው። ሬሳዋን ሲያነሱት ከእግሯ የወለቀው ይሄ ነው። አብራት የምትኖረው ሃይሚ ናት፤ ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል ተብሎ ከሰዓት ፖሊስ ሊወስዳት ነው።

«ሀረግዬ፣ እኔ አልገፋኋትም።»

«ገፋሽ አላልኩም። ያኒ፣ በምን ተጣላችሁ?»

«በአባስ። ደማስቆ ወስዶ ሊያገባኝ ነው ስትለኝ፣ ሊፍት ማሠራት ያቃተው ናጡር አንቺን ሊያገባ ብዬ ሳቅኩባት። ከትናንት ወዲያ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ከበዓልቤክ መጣች። ትናንት ጠዋት ላናግረው ብላ ወጣች፤ በቃ አልተመለሰችም።»

ሀረገወይንን ሰው የሚያስታውሳት እንዲህ መላው ሲጠፋበት ነው። እሁድ እሁድ ስልኳ ጭጭ ይላል። ከማዳሟ፣ ከአሠሪዋ ቤት፣ ከወጣች ወዲህ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም፤ ከተያዘች በቀጥታ ወደ አገሯ ነው፣ እዚያ ደግሞ እናቷም ሞታለች፣ ቤቱም ተሸጧል።

ናጡሩ አባስ፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ በሩ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ያንከባልላል።

«ትናንት የሶሪያ ድንበር መስናዕ ድረስ ያደረስኳት እኔ ነኝ» አላት ሀረገወይን ስትጠይቀው። «ኢቃማዋን አሳየች፣ አለፈች። እኔ በመታወቂያዬ እንደማልፈው። እጇንም አወዛወዘችልኝ። መቼ ተመልሳ ከሃይሚ ጋ እንደተጣላች አላህ ይወቅ።»

«ለፖሊስ ነግረሃል?»

«ነግሬያለሁ።»

ፖሊሶቹ ስለ አንዲት ሐበሻ ብለው ድንበር አልደወሉም። ሀረገወይን «መርሲ» ብላው ወጣች። ትንሽ ቆይታ አባስን ወደ ሃይሚ ክፍል ጠራችው፤ ደማስቆ የሚመላለሰውን ሾፌር ቶፊቅንም።

«ቶፊቅ፣ ደማስቆ ውሰደኝ ብልህስ?»

«ፓስፖርትና ቪዛ አለሽ?»

«ኢቃማ ብቻ ቢኖረኝ?»

«ከመስናዕ ትመለሻለሽ። በመታወቂያ የምንሻገረው እኛ የአገሩ ሰዎችና ሶሪያዎቹ ነን።»

የአባስ መቁጠሪያ ቆመ።

«አየህ አባስ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ በመታወቂያ ተሻግረህ ሌላው በምን እንደሚያልፍ ጠይቀህ አታውቅም። የተዋበች ፓስፖርት አሽራፊዬ ያለችው ማዳሟ ጋ ተቆልፎ ነው ያለው። ስለዚህ አላለፈችም። አለፈች ብለህ የዋሸኸው ደግሞ ትናንት የት እንደነበረች ስለምታውቅ ነው። ለመንገድ የወጣች ሴት የሻወር ነጠላ ጫማ አታደርግም። ጣሪያ ነው የወጣችው። የጣሪያው ቁልፍ አንተ ጋ ብቻ ነው።»

አባስ ወለል ወለሉን አየ። «ለሚስትህ እነግራታለሁ አለች። ዝም በይ አልኳት። ትንሽ ነው ገፋ ያደረግኳት።»

ቶፊቅ የመኪና ቁልፉን አነሳ። «አባስ የአክስቴ ልጅ ነው። ፖሊስ ፊት ይሄን አልደግምም።»

«ሃይሚንም የሚያምናት የለም» አለ አባስ፣ አሁን ድምፁ ተመልሶለታል። «አንቺ ንገሪያቸው። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ስለ እሷ አይመስለኝም፤ ኢቃማሽን ነው።»

ከታች የፖሊሶቹ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ። የኋላው በር ክፍት ነው። ሃይሚ ቂጢጥ እንዳለች ሀረገወይንን አየቻት፣ አትሂጂ እንኳን አላለቻትም።

እስኪ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትቆዩ ነበር?