የሚተነፍሰው ቤት

ኦቦ ሆርዶፋ «እንደዚህ ያለ ጤነኛ ቤት ኢትዮጵያ ውስጥ የለም» እያሉ በሚምሉለት፣ ራሳቸው ባሠሩት ቤት ውስጥ ሞተው ተገኙ።

ቤቱ ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሚስማር እንኳ የለበትም። አፈሩ ከዚያው ከግቢው ተቆፍሮ፣ ጭዱ ከጎረቤት ተለምኖ፣ ቀርከሃው በገመድ ታስሮ የቆመ ክብ ቤት ነው፤ ሲያረጅ ወደ አፈርነቱ ይመለሳል፣ ለልጅ ልጅ ቆሻሻ ሆኖ አይተርፍም የተባለለት። ዛሬ ጠዋት ከውስጥ የተቀረቀረው በር ሲሰበር ግን ሽማግሌው ፍራሻቸው ላይ እንደተኙ ቀርተዋል። አጠገባቸው የከሰል ምድጃ አለ፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል።

ያቀጣጠሉት ራሳቸው ናቸው። «ይሄ ቤት ይተነፍሳል! ከሰል አንድጄ አድሬ፣ ጠዋት ቁርሴን ስበላ ታዩኛላችሁ» ብለው ትናንት በሰው ፊት ፎክረው ነበር።

ንድፉን የሠራችው ደራርቱ በሩ አጠገብ ቆማ ከራሷ ጋር ትሟገታለች። ከጣሪያው ሥር ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ሦስቱም ክፍት ናቸው። ታዲያ ክፉው አየር ለምን አልወጣም? ወይስ ስሌቷ ተሳስቶ ሰው ገደለች? የግቢው በር ላይ ቢጫ ሎደር ሞተሩን ሳያጠፋ ያጉረመርማል። «ገዳይ ቤት ነው፣ ከመምሸቱ በፊት ይፍረስ» ተብሎ ከወረዳው የተላከ ነው። ቤቱ ከፈረሰ በዚሁ ንድፍ ሊሠሩ የታሰቡት ጤና ኬላዎች ቀሩ ማለት ነው። እሷም እስር ቤት ገባች ማለት ነው።

ኢንስፔክተር ጣቢታ በባጃጅ መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ እጇ ላይ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ይዛለች። ሬሳ ባለበት ግቢ ውስጥ ዳቦ እየገመጠች የምትዞር ፖሊስ ደራርቱ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ሴትዮዋ ሁሉንም ከግቢ አስወጥታ፣ መሰላል አስደግፋ ቀዳዳዎቹን ለብቻዋ ስታይ ቆየች። ስትመለስ የዳቦዋን ጀርባ ገልብጣ አየችና እንደገና ገመጠች።

«ቁርስ አልበላሁም፣ አትፍረጂብኝ» አለቻት። «ትናንት ሟቹን ‹ይሞታሉ!› ብለሽ የጮኽሽባቸው አንቺ ነሽ?»

«አዴ፣ እኔ ለሳቸው ብዬ ነው። ቀዳዳዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ሳላሰፋቸው ከሰል አያንድዱ አልኳቸው። ሳቁብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ትናንት ማታ እሳቸው ሳያዩኝ አሰፋኋቸው። ዙሪያቸውንም በአዲስ ጭቃ መረግኩት።»

«በምን?»

«በእጄ ነዋ! እዚህ ሁላችንም በመዳፋችን ነው የምንመርገው።»

«አሁንም እርጥብ ነው?»

«በዚህ ደመና? ገና ምኑ ተነክቶ።»

ጣቢታ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ስሚ፣ በምሥራቁ ቀዳዳ ጭቃ ላይ አንድ ምልክት አለ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ ከምሳ በኋላ መጥቼ ፎቶ አነሳዋለሁ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ቀጥሎ የተጠራው ኡርጂ ነበር፤ ከባኮ የመጣ የአፈር ባለሙያ፣ ጭቃውን የቀመረ።

«ሟቹ ያንተን ቅመራ ‹የእኔ ግኝት› እያሉ ያወሩ ነበር አሉ። ተናደድክ?»

«ተናደድኩ እንጂ። ሰው በተናደደ ቁጥር ቢገድል ግን አምቦ ባዶዋን ትቀር ነበር።»

ለእሱም የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት። በመጨረሻ የግንባታው ተቆጣጣሪ ኢንጂነር ጅሩ ቀረበ፤ ከግንበኝነት ተነስቶ መሐንዲስ የሆነ፣ ዛሬም ካዙላው፣ ያ ግንበኛ ሲሚንቶ የሚለስንበት ብረት፣ ከኋላ ኪሱ የማይለይ ሰው።

«እኔ ተናግሬ ነበር» አለ። «ጭቃ ጭቃ ነው። የሲሚንቶ ቤት ቢሆን ኖሮ ሆርዶፋ ዛሬ ሻዩን ይጠጣ ነበር።»

«በሲሚንቶ ቤት ከሰል አይገድልም እንዴ?»

ጣቢታ ለእሱም ጆሮው ላይ አንሾካሾከችና ወደ ምግብ ቤት ሄደች።

ደራርቱ ምሳ አልበላችም። እግሯ እየጎተተ ምሥራቁ ቀዳዳ ሥር አቆማት። ምን ዓይነት ምልክት ነው? የእሷው ጣት ቢሆንስ? በእርጥብ እጅ አንዴ ዳበስ ቢያደርጉት ይጠፋል። ሎደሩ አጉረመረመ። እጇን ኪሷ ከተተችና ራቀች። መሰላሉ በቦታው እንዳልነበረ ያስተዋለችው ከራቀች በኋላ ነው።

ኢንስፔክተሯ ስትመለስ ሦስቱንም ሎደሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። ከኪሷ የቀረችውን ቁራሽ አውጥታ ገለበጠችው።

«ምን ይታያችኋል?»

«የኮባ ቅጠል መስመር» አለ ኡርጂ።

«ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር የቅጠሉ ጅማት ይታተምበታል። ጠዋት በቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ በእርጥቡ ጭቃ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ሽማግሌው ከተኙ በኋላ ቀዳዳዎቹን ከውጭ በኮባ ጠቀጠቃቸው፤ ሰው ሳይነሳ መልሶ ነቀለው። ይቺ ልጅ በአዲስ ጭቃ ባትመርጋቸው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ቤቱ አልገደለም። ቤቱም አብሮ ታፍኗል።»

ደራርቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ለእያንዳንዳችሁ ምልክት አለ ብያችኋለሁ» ቀጠለች ጣቢታ። «ለደራርቱ ምሥራቁ ላይ፣ ለኡርጂ ምዕራቡ ላይ፣ ለኢንጂነር ጅሩ የጓሮው ላይ። ዋሸኋችሁ፤ ሦስቱም ላይ አለ። ባትሪዬም አላለቀም፣ ሁሉንም ጠዋት አንስቻለሁ። አሁን ስመለስ ምሥራቁ እንዳለ አለ፣ ምዕራቡም አለ። የጓሮው ግን ጠፍቷል።»

«ይቺ ልጅ ናታ!» ጮኸ ጅሩ። «ስትንጎራደድ አላያችኋትም?»

«እሷ በመዳፏ ነው የምትመርገው፤ መዳፍ የጣት መስመር ይተዋል። የጓሮው እንደ መስታወት ያበራል። በብረት ነው የተላገው። ሚስማር እንኳ በሌለበት ግቢ ብረት ይዞ የሚዞረው ማነው?»

ሁሉም የጅሩን የኋላ ኪስ አየ። ጣቢታ ካዙላውን መዘዘችው። ጫፉ ላይ እርጥብ ጭቃ፣ ጭቃው ውስጥ ጭድ ነበር።

«ኢንጂነር፣ ሲሚንቶ ውስጥ ጭድ መጨመር የጀመራችሁት ከመቼ ወዲህ ነው?»

የጅሩ ፊት አመድ መሰለ። «እንዲሞት አልነበረም። በስብሰባ መሀል ‹ጅሩ ከሲሚንቶ ውጭ ምን ያውቃል› ብሎ አዳራሹን ሁሉ አሳቀብኝ። እያሳለ ሲወጣ ሰው እንዲስቅበት ነው የፈለግኩት። በሩ በእጁ ነው፣ ይወጣል ብዬ…»

«የከሰል አየር እኮ አያስልም» አለ ኡርጂ ቀስ ብሎ። «ያስተኛል እንጂ።»

«ቆመው ጠበቁ?» አለች ጣቢታ።

«ጠበቅኩ።»

«ሳል ሰሙ?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነቀሉትም?»

ጅሩ እጁን ወደ ኋላ ኪሱ ሰደደ፤ ካዙላው እዚያ አልነበረም።

የሎደሩ ሾፌር አንገቱን አወጣ። «እሺ፣ እኔ ላፍርሰው ወይስ ልመለስ?»

«ሞተሩን አጥፋው። ምስክር አይፈርስም።»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢው ጸጥ አለ። ደመናው ወርዷል። ደራርቱ ዝናቡ ሳይቀድማት ምልክቶቹን በሸራ ልትሸፍን መሰላሉን ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞረች። ጅሩ እንዳስደገፈው ቆሟል፤ መወጣጫው ላይ የቦቲው ጭቃ ገና አልደረቀም። እግሯን እዚያው ላይ አድርጋ ወጣች። ከቀዳዳው ሞቅ ያለ፣ አመድ አመድ የሚል አየር ፊቷን ነካው።

ቤቱ ይተነፍሳል።